የእንግዳው ቡድን ፎቶ

ይህ ነገር የገጠመኝ አምና ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ሱቄን በከፈትኩ ቁጥር ዓይኔ ከዚያ ፎቶ ላይ ስለሚያርፍ፣ ልርሳው ብልም አልሆነልኝም።

ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሚስቴ የከተማችንን እግር ኳስ ቡድን «ጣውንቴ» ትለዋለች፤ አልተሳሳተችም። የሱቄ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የቡድኑ ፎቶ ነው። ሁሉንም ያነሳው ፈይሳ ነው። ፎቶ ቤቱ ከሜዳው በር አጠገብ ስለሆነ ጨዋታ ባለ ቁጥር ካሜራውን አንግቶ ይመጣል። ጎል ገብቶ እኛ ስንጨፍር፣ እሱ ሳሩ ላይ ተንበርክኮ ጎል የገባበትን በረኛ ፊት ያነሳል። እንደሱ የሚያይ ሰው አላጋጠመኝም።

አንድ አመል ግን ነበረው። ከኛ ልጆች በፊት እንግዳውን ቡድን አሰልፎ ያነሳል። «እንግዳ ነው የሚቀድመው» ይላል። ደጋፊው «የተሸናፊ ፎቶ ማን ሊገዛህ ነው?» እያለ ያሾፍበታል። የምገዛው እኔ ነበርኩ፤ ስብስቤ እንዳይጎድል ብዬ እንጂ ለሌላ አይደለም። አገር ሰላም እያለ ለወዳጅነት ጨዋታ የመጡት የኪራሙ ወረዳ ልጆች ፎቶም እንዲሁ ከሚዛኑ በላይ ተሰቅሎ ነበር።

አንድ ጠዋት ጥቁር የለበሱ እናት ጨው ሊገዙ ገቡ። ጨዉን ዘርግቼ ብጠብቅ አልተቀበሉኝም። ግድግዳውን ነው የሚያዩት።

«ይኸ… ይኸ እኮ የኔ አስቻለው ነው!» አሉና ባንኮኒውን ተደግፈው ወደ ፎቶው ተንጠራሩ። ሮጬ ወንበር አቀረብኩላቸው።

ቆይተው ነገሩኝ። እማማ ጥሩወርቅ ይባላሉ፤ ከኪራሙ ተፈናቅለው የመጡ ናቸው። ልጃቸው በግጭቱ ተገድሏል፣ ቤታቸው ከነዕቃው ተቃጥሏል። በአገራቸው ወግ፣ ሬሳ በሌለበት ልቅሶ የሟቹ ልብስ ወይም ፎቶ መሀል ይቀመጥና እሱን እያዩ ይለቀሳል። እሳቸው ሁለቱም አልነበራቸውም።

«ባዶ ወንበር አስቀምጬ አለቀስኩ ልጄ» አሉኝ። «አሁን ሙት ዓመቱ ደረሰ። መልኩም እየጠፋብኝ ነው።»

ሱቁን ዘግቼ ፎቶውን ከነፍሬሙ አወረድኩና ወደ ፈይሳ ወሰድኳቸው።

የፈይሳ ኮምፒውተር ከተበላሸ ወዲህ የድሮ ፎቶዎቹ ጠፍተዋል። የቀረው የኔው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስካን አደረገና የልጁን ፊት አጎላው። እማማ ስክሪኑን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። አቧራ አልነበረበትም።

ልጆቹ ተቃቅፈው ስለተነሱ፣ አስቻለው ብቻውን ሲቆረጥ ትከሻው ላይ የሌላ ልጅ እጅ ቀረ።

«ሃርሜ» አላቸው ፈይሳ፣ የገዛ እናቱን በሚጠራበት ስም። «ይችን እጅ ላጥፋልዎት? ለልቅሶ ብቻውን ቢሆን ይሻላል።»

«የማን እጅ ነው?»

ፈይሳ ወደ ሙሉው ፎቶ ተመልሶ አጠገቡ የቆመውን ረጅም ልጅ አሳያቸው። እማማ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«ገመቹ ነው፤ የጎረቤቴ ልጅ። እጁን ተወው። እኛ ስንሸሽ ተመልሶ ልጄን የቀበረልኝ እሱ ነው። ‹በክብር ቀብሬዋለሁ፣ አይዞሽ እማማ› ብሎ ደወለልኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም።»

ፈይሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አስቻለውን ትከሻው ላይ ካለችው እጅ ጋር አትሞ ሰጣቸው። እኔ ደግሞ ትልቁን ፎቶ ከነፍሬሙ እንዲወስዱት ለመንኳቸው። እምቢ አሉ።

«ከነበረበት መልሰህ ስቀለው ልጄ። የገመቹ እናትም ከቤቷ ወጥታለች ይላሉ። የት እንዳለች አላውቅም እንጂ፣ አንድ ቀን እሷም ጨው ልትገዛ ትመጣ ይሆናል።»

መልሼ ሰቀልኩት፤ ገዢ ሁሉ እንዲያየው ዝቅ አድርጌ። ሜዳ አሁንም እሄዳለሁ፤ ፈይሳ እንግዶቹን ሲያሰልፍ ግን የሚያሾፍበት ሰው ካለ እጣላለሁ። ጥቁር የለበሰች እናት ወደ ሱቄ ስትገባ ደግሞ መጀመሪያ የማየው ዓይኗ የት እንደሚያርፍ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የገመቹ እናት ጥቁር ለብሳ እንዳትመጣ እጸልያለሁ። ከመጣች ግን ልጇ እዚያው ቆሞ ይጠብቃታል፣ እጁን ጓደኛው ትከሻ ላይ እንዳደረገ።