አትሸጥም

እብናት የምታስተምረው እኅቴ ትናንት እዚያው ጤና ጣቢያ ስትወልድ መብራት ጠፋ። ሕፃኑ ጉሮሮው በንፍጥ ታፍኖ አላለቅስ አለ። አዋላጇ አንዲት መሣሪያ ጎትታ፣ ቱቦዋን ሕፃኑ አፍ ከትታ ፔዳሏን ስትረግጥ መሣሪያዋ «ፍርርት» አለች። ድምፁ ደብረ ታቦር፣ የልጅነት ቤታችን ይዞኝ ገባ።

አባዬ ቀዶ ሐኪም ነው። ያኔ የብስክሌት ጎማ መንፊያ እንዲስብ ገልብጦ የሠራትን መሣሪያ እማዬ ለጾም የበጠበጠችው ተልባ ውስጥ ነክሮ ረገጣት። ያ ዝልግልግ ተልባ በቱቦው ሽቅብ ተሳበ!

«መጣ! መጣ!» እያለ ዘለለ፤ እኔም አብሬው ዘለልሁ።

«ኧረ ተልባዬን!» ትላለች እማዬ።

ጎረቤታችን ነጋዴው ሐጂ ግን ዓይናቸው በራ። «ዶክተር፣ በብዛት ላሠራትና ልሽጣት።»

«ሐጂ፣ ይቺስ አትሸጥም» አላቸው አባዬ።

ገበያ ውሎ እንደሚመለስ ድንች ገዥ ያጣች መስሎኝ ሆዴ ባባ።

ከትዝታዬ የመለሰኝ ሕፃኑ ነው፤ እሪ አለ! እልልታዬን አቀለጥሁት። ከዚያ እያወቅሁ አዋላጇን ጠየቅኋት፦

«ይቺን ከየት ገዛችኋት?»

«ኧረ አትሸጥም! አንድ ሐኪም እየሠሩ ለየጤና ጣቢያው በነጻ የሚሰጧት ናት።»

«አያቱ ናቸው» አልኋት፣ ሕፃኑን እያሳየኋት።