እህትና ወንድም የተጋቡበት ፊልም

ሸዋሮቢት ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ከሽንኩርት መጋዘኖቹ አጠገብ አንድ ቪዲዮ ቤት አለ። ባለቤቱ ኸይረዲን ነው። ኳስ ሲኖር ኳስ፣ ኳስ በሌለ ጊዜ ፊልም ያሳያል። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ሰው የሚገባው ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው። ያኔም ቢሆን ሁለቱ ቬንትሌተሮች ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ከመግፋት በቀር የሚፈይዱት ነገር የለም። ከስክሪኑ ጎን አንድ የፕላስቲክ ወንበር ይቀመጣል። የተርጓሚው የሚልኪያስ ወንበር ነው።

ሚልኪያስ ቀን ቀን ፍሪጅ ይጠግናል። ከሥራ በኋላ የህንድ ፊልም ሲከፈት፣ ከሥር በእንግሊዝኛ የሚያልፈውን ጽሑፍ እያነበበ በማይክ በአማርኛ ይናገራል። አባቱ ለእርሻ ሥራ ከከምባታ መጥተው እዚሁ የቀሩ ካቶሊክ ነበሩ። እንግሊዝኛውን የተማረው በልጅነቱ አጎቱ ዘንድ ሆኖ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እኛ ካቶሊኮች በዚህ ከተማ ጥቂት ቤተሰብ ነን። አባ ደስታ በወር አንድ ጊዜ ይመጡና በሚልኪያስ ሳሎን ይቀድሱልናል፤ ባለቤቱ ሮማን ሶፋውን አውጥታ በረንዳ ላይ ትደረድረዋለች።

ቪዲዮ ቤቱ የራሱ ደንብ አለው። የህንዶቹን ስም ማንም ስለማይዝ ሚልኪያስ ፊልሙን እያቆመ ለእያንዳንዱ ሰው የአገር ስም ያወጣል።

«ይቺ ልጅ ማን ትባል?»

«ሰሀር!»

«ይሄ ጺማሙስ?»

«እሱማ ሌባ ይመስላል፤ ኸይረዲን በለው።»

«ቤቱን ዘግቼው ኳሱን በሬዲዮ ትሰማላችሁ» ይላል ኸይረዲን ከበሩ ላይ።

ይህ ለቀልድ ነው። ክፉ ለሚሠራው ሰው አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ስም አይሰጥም። ሀይሉ የሚባል ጫኝ በአንድ ወቅት ፊልሙ ውስጥ በስሙ የተጠራው ሰውዬ እናቱን በጥፊ ስለመታ፣ ክረምቱን ሙሉ ሳይመጣ ቀርቷል።

ሚልኪያስ ይህን ማይክ እንደ አደራ ነበር የሚያየው። በከተማው ውስጥ የአንድ ካቶሊክ ሐሳብ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ግን ሹፌሩም፣ ገበሬውም፣ ባለሱቁም ጸጥ ብሎ ይሰማዋል። «እግዚአብሔር በምሳሌ ከተናገረ ፊልምስ ምሳሌ አይደለም ወይ?» ይለኝ ነበር። ከዚህ ሐሳቡ የተነሳ ፊልሞቹን ማጽዳት ጀመረ። ፍቅረኛሞችን የአክስት ልጆች አደረጋቸው። ስድቡን ምርቃት አደረገው። ባሏን ጥላ የኮበለለችው ሴት በእሱ አፍ እናቷን ልታስታምም ሄደች።

ይህ ዘዴ እስከ ባለፈው ዓመት ዳግማዊ ትንሣኤ ዋዜማ ድረስ ሠራ። የዚያን ቀን ፊልሙ የደረሰው በመጨረሻው አውቶቡስ ነው፤ ሚልኪያስ አስቀድሞ አላየውም። ገና ሲጀመር አንድ ወንድና አንዲት ሴት ወንዝ ዳር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ታዩ። «ወንድምና እህት ናቸው» አለ ሚልኪያስ፤ ስምም አወጣላቸው። ፊልሙ ረጅም ነበር። መጨረሻው ላይ ከበሮ ተመታ፣ አበባ ተበተነ።

«ጋሽ ሚልኪያስ፣ ማነው የሚያገባው?» አለ አንድ ሰው።

ሚልኪያስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰርጉ የሌላ ሰው ነው። እነሱ ሚዜ ናቸው።»

«ሚዜ ነው እንዴ አበባ አንገቷ ላይ የሚያጠልቅላት?»

«ወላሂ፣ እህቱን አገባ» አለ ሳልህ። ሳልህ ሳዑዲ ሠርቶ የተመለሰ የጀውሃ ሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ቅዳሜ አይቀርም። «አስተግፊሩላህ። እኛም ቁጭ ብለን አጨበጨብን።»

በሳምንቱ ወሬው አጣዬ ደረሰ። ሰው ከሠርጉ ወደ ኋላ እየሄደ የቀድሞዎቹንም ፊልሞች መጠራጠር ጀመረ። ያቺ እናቷን ያስታመመችው ሴት በእርግጥ የት ነበር የሄደችው? አዳራሹ እየሳሳ ሄደ። ኸይረዲን ወደ ሚልኪያስ መጠገኛ መጥቶ አንድ የተበላሸ ፍሪጅ ላይ ተደግፎ ቆመ።

«ፊልም ሻጩ ቢኒያም ድምፁ ተቀድቶ ያለቀ ትርጉም በፍላሽ አለኝ ይላል» አለ። «ቅዳሜ አንድ የመጨረሻ ፊልም ተርጉም። ሰው ተነሥቶ ከወጣ ወንበሩን አነሳዋለሁ። ወንድሜ ነህ ሚልኪያስ፤ ውሸታም መባል ግን ለቤቴም ይተርፋል።»

በማግስቱ አባ ደስታ የሚመጡበት ቀን ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሶፋውን ወደ ቦታው ስንመልስ ሚልኪያስ ነገሩን አነሣላቸው።

«አባ፣ እኔ ሰውን ከክፉ ልጠብቅ ብዬ ነው።»

«ገላውን አለማሳየት ደግ ነው» አሉ አባ ደስታ። «ያንን እለፈው። ክህደቱን ግን ለምን ትሰርቃለህ? ወንጌሉ ጴጥሮስ ካደ ይላል። ጉንፋን ይዞት ነበር አይልም።»

ሮማን ሳቀች። ሚልኪያስ አልሳቀም።

«ኃጢአቱን ከደበቅህ» አሉ አባ፣ «ይቅርታው ሲመጣ የት ይቀመጣል? ፊልሙ ውስጥ ጸጋ ካለ በዚያ በቆሸሸው በኩል ነው የሚገባው። አንተ በሩን ደፍነህ ለምን አልገባም ትላለህ።»

ቅዳሜ ከኳሱ በኋላ እኔም ሄድኩ። አዳራሹ ከግማሽ ትንሽ ያልፍ ነበር፤ አብዛኛው ሰው የመጣው ሊስቅ ነው። ሚልኪያስ በዚህ ጊዜ አስቀድሞ ያየው ፊልም የሁለት ወንድማማች ታሪክ ነው። ታላቁ እጮኛውን ትቶ ለሥራ ባሕር ይሻገራል። ታላቁን ሰዒድ አሉት፣ ልጅቱን ናፊሳ። ታናሹ ገና ስም አልወጣለትም። አንድ ቀን ናፊሳ ቤት ሄዶ በሩ ላይ ቆመ፣ አፉን ከፈተ። ሚልኪያስ ፊልሙን አቆመው።

እኔ ከጎን ሆኜ ፊቱን አየሁት። «ተሳስቶ የሰማውን ወሬ ነገራት» ሊል ይችል ነበር፤ የለመደው ነው።

«ይሄ ሰው ሊዋሻት ነው» አለ በማይኩ። «ወንድሙ በሕይወት አለ፤ ሞተ ሊላት ነው፣ ሊያገባት። ስሙ ሚልኪያስ ይባላል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «የሰዒድ ወንድም ሚልኪያስ?» አለ አንዱ።

«ኢፋት ነው፤ ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማች ይኖራል» አለ ሌላው።

ፊልሙ ቀጠለ። ሚልኪያስ አንድ ቃል አላለሰለሰም። ናፊሳ ለቅሶ ተቀመጠች፤ ታናሹ ከለቀስተኞቹ ጋር አብሮ አለቀሰ፤ ዓመት ሲሞላ አገባት። ልጅም ወለዱ። ሰዒድ ተመልሶ የገዛ እናቱን ቤት ደጃፍ ሲያንኳኳ የሚስቅ ሰው አልነበረም። ታናሹ ወጥቶ ከእግሩ ሥር ወደቀ።

«እኔ ነኝ ሞቷል ያልኩት» አለ ሚልኪያስ በማይኩ። «እያወቅሁ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«አታንሳው» አለ ሳልህ ለስክሪኑ። «እዚያው ይተኛ።»

ሰዒድ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በብብቱ ያዘውና አነሣው። ወደ ቤት ግን አልገባም፤ ሻንጣውን ይዞ ወደ መጣበት መንገድ ተመለሰ። ፊልሙ በዚህ አለቀ።

መብራት ሲበራ የተነሣ ሰው የለም። ሳልህ ወደኋላ ዞሮ «ካነሣው ለምን አልገባም?» አለ።

«እንዴት ይገባል? ሴትዮዋ እዚያ አለች።»

«ይቅር ካለው ይቅር ብሎታል።»

«ይቅር ማለትና አብሮ መብላት አንድ ነው እንዴ?»

ሽማግሌ ያልጠሩት ለምንድን ነው የሚል ተነሣ፤ ጋብቻው ይጸናል አይጸናም የሚል ተከተለ። ሰውን ለማስወጣት ኸይረዲን ቬንትሌተሮቹን ማጥፋት ነበረበት። ውጭም ቆመው አሁንም ይከራከሩ ነበር።

ሚልኪያስ ውስጥ የማይኩን ገመድ ይጠቀልል ነበር። ኸይረዲን አጠገቡ መጣ።

«ወንበሩ ያንተ ነው፤ ቢኒያም ኳሱን ብቻ ያስተዋውቅ» አለው። «አንተ ግን ከእንግዲህ ሳታየው አትተርጉም። ቁልፉን ውሰድ፤ ጠዋት ጠዋት ቤቱ ባዶ ነው።»

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ሚልኪያስ በባዶው አዳራሽ ፊልሙን ብቻውን ያያል። አንዳንዴ እኔም አብሬው እቀመጣለሁ፤ ለዚህም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፣ ከዚህ በፊት ከመጽሐፍ በቀር ሌላ አስተማሪ አልነበረኝምና። ጸጋው የቱ ጋ እንደገባ እንፈልጋለን። ብዙ ጊዜ ባላሰብነው ቦታ ይገኛል፤ በሰካራሙ በኩል፣ በሌባው እናት በኩል። የማይገኝበትም ፊልም አለ። ያኔ ሚልኪያስ ለኸይረዲን «ይሄ አይሆንም» ይለዋል። ኸይረዲን ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ሌላ ፍላሽ ያወጣል።