ስሉሰን ላይ ያነበብኩት ግለ ሂስ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ኮምቦልቻ

መናኸሪያው ጭቃ ነው፤ ሰኔ ነውና። ባለቤቴ ሐዋ በርበሬና ሽሮ የሞላበት ሻንጣ ላይ ተቀምጣ ማንንም አታስነካም። ረዳቱ «ጣሪያ ላይ ልስቀለው» ቢላት፣ «እኔንም አብረህ ስቀለኛ!» አለችው።

ሾፌሩ ያውቀኛል። እህሉን የሚያስፈጨው እኔ ወፍጮ ቤት ነው።

«ጋሽ እንድሪስ፣ በጠዋቱ ወዴት ነው?»

«ስዊድን።»

«ምነው፣ የፈረንጆቹ ወፍጮ ተበላሸ?»

«ልጄ ዘንድ ነው።»

ሳቁን ዋጠ። የልጄን ነገር ኮምቦልቻ ውስጥ የማያውቅ የለም።

አንባቢም ይወቀው፤ ደብቄ አልጽፍም። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። መጻፍ ስችል ቀበሌው የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ አደረገኝ፤ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ያኔ በየሳምንቱ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበር። ሰው ይነሳል፣ ጥፋቱን ይናዘዛል፣ የጎረቤቱንም ያጋልጣል። አንድ ቀን እኔ ተነሳሁና ልጄ ሰይድ ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽቶ ሐይቅ አጎቱ ቤት መደበቁን ተናገርኩ። በማግስቱ ወሰዱት። ከግንባር አምልጦ፣ በሱዳን በኩል ዞሮ፣ ስቶክሆልም ገባ።

ደርግ ከወደቀ ስድስት ዓመት ሆነው። ልጄ ለእናቱ ይደውላል፤ እኔን ግን አንዲት ቃል ተንፍሶልኝ አያውቅም። ዘንድሮ ለቪዛ የላከው መጥሪያ ላይ የሁለታችንም ስም አለ። የእኔን ለምን እንደጨመረው አልገባኝም። ሰው አውሮፓ ደርሶ ሲመለስ ሕንጻ ያወራል። እኔ የምሄደው ልጄ ያናግረኝ እንደሆነ ለማየት ነው።

ዓርብ ከሰዓት፣ አርላንዳ

ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ቀየርን። የሚሄድ ደረጃ አለ፤ ሐዋ «ቢስሚላህ» ብላ ዘለለችበት፣ እኔ ከታች ቀረሁ። ግድግዳው ሁሉ ጽሑፍ ነው፣ አንዱንም አላነብም። በስንት መከራ የለቀምኩት ፊደል እዚህ አይሠራም። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ እንደገና መሀይም ሆንኩ።

ስቶክሆልም አውሮፕላን ማረፊያ ሰይድ ቆሞ ይጠብቀናል። ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። እናቱን አቅፎ አለቀሰ። እኔን በእጁ ጨበጠኝ፣ ልክ እንደ ሐኪም። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ለይላ፣ ቦርሳውን ልያዝላቸው በያቸው።»

አጠገቡ ቆሜ! ለይላ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ እዚህ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየዞረች ትጦራለች። «አባባ፣ ቦርሳውን ልያዝልዎት ይላል» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ። ጆሮዬን አላመመኝም።»

ቅዳሜ፣ አካላ

የሚኖሩት አካላ ነው፣ ባቡሩ የሚያበቃበት ሰፈር። ባቡሩን ቱነልባና ይሉታል፤ በምድር ሆድ ነው የሚሄደው። ጣቢያው ዋሻ ነው። ዐለቱን ፈልፍለው ሳያለሰልሱ ቀለም ቀብተውታል። ተሳፋሪው አይነጋገርም። አንዱን «እንዴት ዋልክ» ብለው ወንበሩን ቀየረ።

የልጅ ልጄ አራት ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው። ስገባ «ሄይ» ትለኛለች፤ ስወጣም «ሄይ» ትለኛለች። ትቀበለኝ ይሁን ታባርረኝ አላውቅም። ለራት ስኳር የገባበት ጥሬ ዓሣ ቀረበ። ስኳር! ሐዋ ሽሮዋን ፈታች። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ፀሐይዋ ዓይኔ ላይ ናት፤ መግሪብን በሰዓት ሠንጠረዥ ሰገድን።

ሰይድ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ «ድንች ይጨመርላቸው እንደሆነ ጠይቂያቸው» ይላል።

«በቃኝ በይው» እላለሁ እኔም።

ለይላ መሐል ሆና አንገቷ ተጣመመ።

እሁድ ጠዋት፣ እዚያው

ሰይድ ሶደርማልም በሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ቤት ይሠራል። በማለዳ ወጥቶ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ደወለ። ለይላ ስልኩን ዘግታ መጣች።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሥራ ይወጣል። ሰፈሩን ሊያሳያችሁ ነው። ስሉሰን ጣቢያ፣ ሂሱ ጋ እንገናኝ ብሏል።»

«ምኑ ጋ?»

«ሂሱ ጋ፣ አባባ። ያለ ሂስ የማይሞከር ነው ብሏል። ሁላችንም አብረን እንገባለን።»

ሐበሻው እዚህም ድረስ ይዞት መጥቷል ማለት ነው? ስሜ መጥሪያው ላይ የገባበት ምክንያት አሁን ተገለጠልኝ።

«ሌላ ሰው ይኖራል?»

«እሁድ አይደል፣ ሰውማ ይኖራል። ተራ ጠብቀን ነው።»

«በተራ ነው?»

«አዎ፣ በተራ።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ኧረ አንድ ደቂቃ አይሞላም!»

«በእኛ ጊዜ እስኪመሽ ነበር።»

«የድሮዎቹ ቀርፋፋ ናቸዋ!» ብላ ዕቃዋን ታጥብ ጀመር።

ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። እየሰረዝኩ እየደለዝኩ ሁለት ሰዓት ጻፍኩ። ሐዋ መጥታ፣ «ምን ትሞነጫጭራለህ?» አለችኝ።

«የጉዞ ማስታወሻ።»

እሁድ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ስሉሰን

ልጅቷን ለጎረቤት ትተን በቱነልባና ወረድን። ከተማው ውሃ ላይ ነው የቆመው፤ በግራ ውሃ፣ በቀኝ ውሃ። መሐሉ ደሴት ነው፣ ደሴቱ ሁሉ ኮረብታ። ሶደርማልም ከባሕሩ ዳር እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ ቤቶቹ ገደሉ አናት ላይ ተኮልኩለዋል። ከሥሩ ቀጭን የብረት ማማ ቆሟል፣ ጫፉ በድልድይ ከኮረብታው ጋር ተያይዟል። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ልቤ ወረቀቴ ላይ ነበር።

ሰይድ የወጥ ቤት ሱሪውን ሳይቀይር ማማው ሥር ቆሟል። ሰባት ስምንት ፈረንጅ ተሰልፏል፤ አንዲት አሮጊት ውሻ ታቅፋለች። ትንፍሽ የሚል የለም። እኔ የማውቀውም ጸጥታ ይኸው ነው፣ ሊቀመንበሩ ሲገባ የሚወርደው። ባርኔጣዬን አወለቅኩ።

«እኔ እንድሪስ፣ የቀድሞ የቀበሌ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ፣ ዛሬ በልጄና በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ግለ ሂሴን አቀርባለሁ! አንደኛ...»

ውሻው ጮኸ። ሰልፈኛው ሁሉ ጫማውን አየ።

«አባባ! ምን ሆኑ?» አለች ለይላ።

«ለሂስ ጠርታችሁኝ የለም እንዴ?»

አፏን በእጇ ያዘች፤ ሳቁ በጣቶቿ መሐል አመለጣት። «ውይ አባባዬ! ሂስ እኮ በስዊድንኛ ሊፍት ነው! አሳንሰር! የእማማ ጉልበት ደረጃውን አይችልም ብለን ነው!»

ሐዋም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። የማማው በር ተከፈተ፤ ውስጡ ሳጥን ነው። ፈረንጆቹ ገቡ፣ እኛም ገባን። ወረቀቴን ወደ ኪሴ ልመልስ ስል፣ ያልሳቀው ሰይድ ብቻ መሆኑን አየሁ።

«ይጨርስ» አለ።

ለለይላ ይሁን ለእኔ አላወቅኩም። ሳጥኑ ተነሳ፣ አነበብኩ።

«አንደኛ፣ የገዛ ልጄን አሳልፌ ሰጥቻለሁ። ሁለተኛ፣ የጫኑበት መኪና በወፍጮ ቤቴ በር ሲያልፍ የወፍጮውን ሞተር አላጠፋሁም። የልጄን ጩኸት እንዳልሰማ ነው። ሦስተኛ...»

ሦስተኛው ላይ ሳልደርስ በሩ ተከፈተ። በእርግጥም አንድ ደቂቃ አልሞላም።

ድልድዩ ላይ ወጣን። ከሥራችን መርከብ፣ የቤተ ክርስቲያን ሹል፣ ቀይ ጣሪያ። ፈረንጆቹ ካሜራቸውን አወጡ። ሰይድ ብረቱን ተደግፎ አየኝ።

«ማን ጠየቀህ?» አለኝ። ለእኔ ነው ያለው፣ በቀጥታ።

«የት?»

«ስብሰባው ላይ። ልጅህ የት ነው ብሎ ማን ጠየቀህ?»

ለሐዋ ተገድጄ ነው ብያት ነበር። ለኮምቦልቻ ሁሉ ተገድጄ ነው ብያለሁ። ዘመኑ ነው፣ ሽጉጥ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ እያልኩ።

«ማንም» አልኩት።

«ማንም?»

«ማንም አልጠየቀኝም። ቃለ ጉባኤውን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የሰው ሁሉ ስም ‘ጓድ እገሌ አጋለጠ’ እየተባለ ይገባል፣ የእኔ የለም። የእኔም ስም እንዲጻፍ ፈለግኩ። ራሴ ተናገርኩ፣ ራሴ ጻፍኩት።»

የሐዋ ሳቅ ቆመ። ቀስ ብላ ከእኛ ራቀችና መርከቦቹን የምታይ መሰለች። ሰይድ ወደ ታች ተፋ። ከዚያ፣ «ኑ፣ ይርባችኋል» አለ። እኔንም ጨምሮ ይሁን አላወቅኩም፤ ግን ተከተልኩት።

ማክሰኞ፣ አርላንዳ

ሰይድ ሻንጣውን አስመዝኖ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«በጥቅምት ና። መጥሪያ እልክልሃለሁ። ብቻህን ነው የምትመጣው። ግንባር ላይ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እነግርሃለሁ። እማዬ እንድትሰማው አልፈልግም።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። አልልህምም አላለኝም። እያሰላሰልኩ ፓስፖርቴን ተሳስቼ ለሌላ ፖሊስ ሰጠሁ።

ሐሙስ፣ ሐርቡን አልፈን

ከዚያች ሳጥን ከወረድን ጀምሮ ሐዋ አላናገረችኝም። በሰማይ አላናገረችኝም፣ አዲስ አበባ አላናገረችኝም፣ ደብረ ሲና ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም ብቻዋን በላች። ሐርቡን ስናልፍ ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ ተናገረች።

«ልጁ በጆሮህ ምን አለህ?»

«ብቻህን ና አለኝ።»

«ምን ሊያደርግህ?»

«የደረሰበትን ሊነግረኝ። አንቺ እንድትሰሚው አይፈልግም። ልሂድ ወይስ ልቅር?» አልኳት።

«ትሄዳለህ። ያንተን ሰምተናል፣ አሁን የሱን ትሰማለህ።» ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው። «ስትመለስ ደግሞ ለእኔ ትነግረኛለህ። በዚህ ጊዜ ሳትዋሽ።»

አውቶቡሱ ኮምቦልቻ ሲገባ ሻንጣዋን ተሸክሜ ተከተልኳት።