ኔቪል ሀልዴን ከበጎች ጋር የተሳፈረ ዕለት

ኔቪል ሀልዴን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በግ ሲሸልት የኖረ፣ በር ሲገባ ወደ ጎን ዞር የሚል ግዙፍ ሰው ነው። በሃምሳ አራት ዓመቱ ሞተር ብስክሌት መንዳት አማረው። ኒውዚላንድ ውስጥ ግን ለጀማሪ የሚፈቀደው ጉልበቱ በሕግ የተገደበ ሞተር ብቻ ነው። ልጁ ብሪዲ ደግሞ የሞተር አሠልጣኝ ናት፤ አባቴ ነው ብላ ሕግ አታላላም።

«አባዬ፣ ለጊዜው ይቺ ትበቃሃለች» አለችው፣ ቢጫውን የጀማሪ ምልክት ከኋላ እያሰረችለት።

«ይቺማ የልብስ ስፌት መኪና ናት! ትናንት ዳገቱ ላይ ትራክተር ቀደመኝ። ሰውዬው ጭራሽ እጁን አውለበለበልኝ!»

«ጉልበት ነው ጀማሪን አፈር የሚያስግጠው። አንተ ደሞ ገና መታጠፍ አልቻልክም።»

ቅዳሜ ጠዋት ኔቪል ጋራዡ ውስጥ ገብቶ፣ ነዳጁ እንደ ልብ እንዳይለቀቅ የምታግደውን ብረት ፈታትቶ አወጣት። ሚስቱ ሎርና በመስኮት አየችው።

«ኔቪ፣ ምን ትጎረጉራለህ?»

«እያጸዳሁ ነው!»

ከዚያ ፓይ የሚባለውን ሥጋ የተሞላ ዳቦ ሊገዛ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደ። በሩ ላይ የቆሙ ሰዎች ሲያይ ደረቱን ነፍቶ እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው። ሞተሯ ንብ እንደነደፋት በቅሎ ዘለለች። ፊት ለፊት በግ የጫነ ተጎታች ቆሟል። ሞተሯ የኋላ መዝጊያውን ገጭታ ስትቀር፣ እሱ በላዩ ተወርውሮ በጎቹ መሀል ዱብ አለ።

ኔቪል ትንፋሹ ሳይመለስለት፣ የበጎቹ ባለቤት ኬልቪን ፓዩን እየገመጠ ከዳቦ ቤቱ ወጣ፤ ወደ ኋላ ሳያይ ተጎታቹን የሚስበው መኪናው ውስጥ ገብቶ ሬዲዮውን አስጮኸና አስነሥቶ ነጎደ። በሩ ላይ የነበሩት ሳቅ አፍኗቸው ማንም አላስቆመውም።

ብዙም ሳይቆይ የኔቪል ስልክ ጮኸ። ሎርና ናት።

«የት ነህ? ሞተርህ ዳቦ ቤቱ ጋ ተጋድማለች ይሉኛል!»

«ከበጎች ጋር ነኝ።»

«የት?»

«እኔ እንጃ። አንዷ ቆማብኛለች።»

ኬልቪን እርሻው ደርሶ መዝጊያውን ሲከፍት ክው አለ። «ኔቪ! ዛሬ ሸልትልኝ አላልኩህም እኮ!»

ኔቪል ሁለት የጎድን አጥንቱ ተሰነጠቀ፤ ፖሊስም ቀጣው። ብሪዲ ብረቷን በራሱ እጅ አስመለሰችው፤ ሥልጠናውንም ከሀ ጀመረ። አሁን አዲስ ሠልጣኝ በመጣ ቁጥር ታሪኩን ታስነግረዋለች። ባለፈው ሳምንት አንዲት ነርስ ተጨንቃ፣ «በጎቹስ ተጎዱ?» ብላ ጠየቀችው። ስለ እሱ ጎድን እስካሁን የጠየቀ የለም።