የምትዘለዋ መኪናና የኩልፎ ቁልቁለት

ልጄ የሙዝ እርሻ ሹፌር ሆና ስትቀጠር መጀመሪያ የጠየቅኳት ደመወዟን አይደለም። «ቁልቁለት አለው ወይ?» ነው ያልኳት።

«ትንሽ ነው እማ፤ ከላይኛው ማሳ እስከ ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ የጭነት መኪናዎቹ እስከሚቆሙበት።»

ትንሽ ቁልቁለት የሚባል ነገር እኔ ዘንድ የለም። አባቷ የቀረው ከጨንቻ ድንች በጫነ ኢሱዙ ላይ ተቀምጦ ሲወርድ ነው። ሹፌሩ ናፍጣ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ፎሌ አደረገው። ሞተሩ መኪናውን መያዝ ተወ፣ መኪናው በገዛ ክብደቱ መውረድ ጀመረ። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የሚወርዱት እንዲህ ነበር፣ ጉብዝናም ይመስላቸው ነበር። ፍሬኑ ጋለ፣ እምቢ አለ፣ መኪናው መታጠፊያው ላይ ገደል ገባ። እኔ ልጄን አዝዬ ወደ አርባ ምንጭ የወረድኩት በእግሬ ነው። መኪና ላይ ላለመውጣት። እስከ ዛሬ እንጀራዬ ለሸማኔዎች ጥጥ መፍተል ነው፤ እንዝርቴን ይዤ የትም እሄዳለሁ፣ ቆሜም ተቀምጬም እፈትላለሁ።

አንድ ቀን ምሳዋን ላደርስላት እርሻው ድረስ ሄድኩ። መኪናዋ አራት ጎማ ያላት ትንሽ ናት፣ ከኋላዋ ሙዝ የሚጫንበት ሳጥን አለ። ሠራተኞቹ «እንቁራሪቷ» ይሏታል። ለምን እንደሚሏት ወዲያው አየሁ፤ ልጄ እግሯን ከነዳጅ መርገጫው ስታነሳ መኪናዋ ቀጥ ትላለች፣ ሙዙም ሰውም ወደ ፊት ይወረወራል። ደረቅ የሙዝ ቅጠል በየመሀሉ ቢነጠፍም ሙዙ እየተጋጨ ይጠቁራል፤ ነጋዴዎቹ ደግሞ የጠቆረ አይወስዱም።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን መዝለሏ አይደለም። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስትደርስ ልጄ ከጎኗ ያለውን የማርሽ ዘንግ መሀል ላይ አደረገችው። ሞተሩ ሲላቀቅ ሰማሁ። መኪናዋ ዝም ብላ፣ ለስለስ ብላ ወረደች። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ስትመለስ «ፎሌ አድርገሽ ነው የወረድሽው?» አልኳት።

«ታዲያ ምን ላድርግ እማ? በማርሽ ስወርድ ትዘላለች፣ ሙዙ ይበላሻል። የጨንቻ ሹፌሮች ሁሉ እንዲህ ነው የሚወርዱት። ፍሬን አለኝ አይደል?»

«አባትሽ የተቀመጠበት ኢሱዙም ፍሬን ነበረው።»

  ሥራሽን ተዪ ብላት እንደማትተው አውቃለሁ፤ መሪ ይዛ ሳያት ደግሞ አላሳፈረችኝም። ግን ሌላ ነገር ወሰንኩ። በማግስቱ እንዝርቴንና ጥጤን ይዤ መጣሁና ከጎኗ ያለው ወንበር ላይ ወጣሁ። ከስንት ዘመን በኋላ መኪና ላይ የወጣሁት ያን ቀን ነው። 

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየፈተልኩ ነው። ንጂ። ያቺን ዘንግ ከነካሽ እዘላለሁ።»

በማርሽ ወረደች። መኪናዋ በየጥቂት እርምጃው እየዘለለች የምፈትለውን ክር በጠሰችብኝ። እኔም እየቀጠልኩ፣ እየተበጠሰ፣ እንደገና እየቀጠልኩ ኩልፎ ዳር ደረስን። ሠራተኞቹ ሳቁብን። «ትራፊኳ መጣች! መንጃ ፈቃድ አውጡ!» ይላሉ። አንዷ «እትዬ፣ ለእንቁራሪቷ ነጠላ ሊፈትሉላት ነው?» አለችኝ። «ለአንቺ ሰርግ ነው፣ ባል ስታገኚ» አልኳት። ከዚያ በኋላ እሷ ተወችኝ።

እንዲህ እየተመላለስኩ ሰነበትኩ። መጨረሻ ላይ ባለእርሻው ራሱ መጣ። ሰው አክባሪ ነው፣ ግን ተማሮ ነበር። «እናቴ፣ ይህችን መኪና የገዛሁት ሙዝ እንድትሸከም ነው፣ እርስዎን አይደለም።»

«ሙዝህም እኮ እየጠቆረ ነው ልጄ። መኪናዋን አሠራት፣ እኔም እወርድልሃለሁ።»

«አልተበላሸችም። ተፈጥሮዋ ነው።»

«እንግዲያው ተፈጥሮዋ እስኪለወጥ እዚሁ ነኝ» ብዬ እንዝርቴን አሾርኩ።

ከከተማ መካኒክ አስመጣ። ልጅ እግር ነው፣ «ማዘር» ይለኛል። መኪናዋ ሥር ገብቶ ከወጣ በኋላ ነገሩን አስረዳኝ። ይህቺ መኪና እንደ ኢሱዙ ሞተሩን በእግር የሚያላቅቁበት ፍሪሲዮን የላትም። ጎማዋን የሚያዞረው በጉልበት የሚገፋ ዘይት ነው። እግር ከመርገጫው ሲነሳ የዘይቱ መንገድ ድንገት ይዘጋል፣ ጎማውም አብሮ ይያዛል። መዘጋቱን የምታዘገይ አንዲት ብሎን አለች፤ እሷን በጥቂቱ ቢያላሏት መኪናዋ እየተንሸራተተች ትቆማለች።

«ታዲያ ቶሎ አላላት» አለች ልጄ።

«ቆይ። በጣም ከላላች ቁልቁለት ላይ ጥሩ አትይዝም።»

እኔ እዚህ ላይ ቀዘቀዝኩ። ስትዘል እኮ ቢያንስ ትቆማለች። አላላት ማለት ልቀቃት ማለት አይደለም ወይ? ሁለቱም ያዩኛል። ይቅር ብል ይቀራል፣ ባለእርሻውም ደስ ይለዋል። ግን እኔ አንድ ቀን ወገቤን ያመኝና ቤት እውላለሁ፤ ያን ቀን ልጄ ዘንጉን መሀል ታደርጋለች። ይህንን እንደ እጄ መዳፍ አውቀዋለሁ።

«አላላት» አልኩት። «ግን በትንሽ በትንሹ። እኔም ላይዋ ሆኜ።»

ብሎኗን የያዘውን ዳዶ ፈታ፣ ብሎኗን ጥቂት አዞረ፣ መልሶ አጠበቀ። መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ ቀጥሎ ቁልቁለቱ ላይ ሞከርን። ክሩ ተበጠሰ። እንደገና አዞረ፤ አሁንም ተበጠሰ፣ ግን ቆይቶ ነው። መካኒኩ ከኋላ ሳጥኑ ላይ ቆሞ እጄን ነው የሚያየው። «ማዘር፣ የእርስዎ ክር ከኔ ጆሮ ይሻላል» ብሎ ሳቀ። በሚቀጥለው ክሩ አልተበጠሰም፤ መኪናዋ ግን ልጄ እግሯን ካነሳች በኋላም ወደ ታች መሄዷን ቀጠለች። ጮህኩ። ልጄ ፍሬን ያዘች፣ መኪናዋም ቆመች። መካኒኩም ደንግጧል፣ ላቡን ጠረገ። «ይሄ በዛ» አለ፣ ወርዶም ግማሹን መለሰው።

የመጨረሻውን ሙዝ ጭነን ወረድን። መሀል ቁልቁለት ላይ ልጄ እግሯን አነሳች። መኪናዋ ጎንበስ አለች፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለች ቆመች። ቁልቁለቱ ላይ፣ ከነጭነቷ፣ ፍሬን ሳይያዝ። ክሩም ሳይበጠስ እጄ ላይ ነበረ።

«አሁንስ ዘንጉን የምትነኪበት ምክንያት አለሽ?»

«የለኝም እማ።»

«ማይልኝ።»

«በአባቴ።»

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ላይ አልወጣሁም። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም፣ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ። ጥቂት ቀን ከላይ፣ ማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ እየፈተልኩ አዳመጥኩ። በማርሽ ስትወርድ ዘይቱ ቀጭን ድምፅ አለው፣ ያፏጫል። ፎሌ ቢሆን ያ ፉጨት አይኖርም። ልጄ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስትደርስ እጄ ይቆማል። ፉጨቱ ይሰማል፣ እየራቀ፣ እየቀጠነ፣ እስከ ኩልፎ ዳር። ያኔ እንዝርቴን መልሼ አሾራለሁ።