በጆሮ የተመረጠ መፍጫ

አልማዜ የቡና መፍጫውን የመረጠችው በጆሮዋ ነው። ዓለም ባንክ ሰፈር መንገድ ዳር ሱቅ ያለው ሰይፈዲን የእጅ መፍጫዎቹን ባንኮኒው ላይ ደረደረላትና ማስረዳት ጀመረ።

«ማዘር፣ ይሄ የብረት ጥርስ ነው፤ ዕድሜ ልክ ያገለግልዎታል። ያኛው የሸክላ ጥርስ ነው፤ አይዝግም፣ ከወደቀ ግን አለቀለት።»

እሷ ግን የሚለውን አልሰማችም። ለሙከራ ያስቀመጠውን ቡና በየተራ እየጨመረች፣ እያንዳንዱን ጆሮዋ ሥር አድርጋ አሽከረከረችው። ሰይፈዲን ሳቁ መጣ።

«ሰው የተፈጨውን በጣቱ አሽቶ ነው የሚመርጠው። እርስዎ ሬዲዮ ነው እንዴ የሚገዙት?»

አብራው ሳቀች፤ ፊቷን ግን ወደ መንገዱ አዞረች። የወሰደችው ከሁሉም ዝምተኛ የሆነውን የሸክላውን ነው።

ሙቀጫ አጥታ አይደለም። ከአስኮ ስትመጣ ይዛው የመጣችው፣ እንደ ድንጋይ የከበደ ሙቀጫ ወጥ ቤቷ ጥግ ተቀምጧል። ችግሩ ድምፁ ነው። በእነሱ የኮንዶሚኒየም ብሎክ የሙቀጫ ድምፅ ጥሪ ነው፤ የሰማ ጎረቤት ኑ እስኪባል አይጠብቅም፣ ነጠላውን ጣል አድርጎ ይመጣል። በሥራ ቀን ደግሞ ሌላው ሁሉ ወጥቶ ስለሚውል፣ የሚሰሙት ከሥሯ ባለው ፎቅ ያሉት እትዬ ዘመነች ብቻ ናቸው። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። በኮሮና ታመው ከዳኑ ወዲህ አፍንጫቸው ሽታ አይለይም፤ ቡና አጠገባቸው ቢቆላ አያውቁም። ሙቀጫው ሁለቴ ከተመታ ግን የደረጃውን ብረት ይዘው እያቃሰቱ ይወጣሉ። ገና ከበሩ «ሰማሁሽ!» ይላሉ፤ እስከ በረካ ሳይጠጡም አይነሱም።

አልማዜ እንዲህ ያለች ሰው አልነበረችም። አስኮ ቅቤና ቅመም ስትነግድ የምትታወቀው በምራቂዋ ነው፤ መዝና ስታበቃ አንድ ጭብጥ ሳትጨምር እጇን አትሰበስብም። በኋላ ወገቧ አስቸግሯት ሱቁን ዘጋች፤ ቤቴል ያለችው ልጇ ውዳሴ በምታመጣላት መኖር ጀመረች። ቡናም ተወደደ። ያኔ ምን እንደነካት ራሷም አታውቅም፤ የሰው ስኒ መቁጠር አመጣች። እትዬ ዘመነች ስኒያቸውን ባቀረቡ ቁጥር የቀረውን ቡና በዓይኗ ትለካለች። በዚህ ታፍራለች፤ እያፈረችም መፍጫውን ገዛች።

ቤቷ ገብታ ከሥሩ ያለውን ብሎን አጥብቃ ሞከረችው። ቡናው እንደ ዱቄት ደቀቀ፤ ጥርሱ ግን እየተፋጨ ያፏጫል። ብሎኑን አላላችው፣ ፉጨቱ ቀነሰ። ጨርሶ ዝም እስኪል ባላላችው ጊዜ ደግሞ የወጣው ቂንጬ የመሰለ ክክ ነው። በርበሬን በጣቷ አሽታ ልመቱን የምትናገር ነጋዴ፣ ይህ ቡና እንደማይሆን ጠፍቷት አይደለም። ቢሆንም መፍጫውን በሻርፕ ጠቅልላ፣ ጉልበቷ መሃል ይዛ ፈጨችበት። የወጣው ቡና ሻይ የመሰለ ቀጭን ነበር። ብቻዋን ተቀምጣ ጠጣችው፤ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ።

አንድ ቀን ደረጃ ላይ ከእትዬ ዘመነች ጋር ተገናኙ።

«ሙቀጫሽ ምነው ዝም አለ?»

«አይ... እንዲሁ ነው» አለችና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። አሮጊቷ አየት አደረጓትና ሌላ ሳይጠይቁ አለፉ።

ቅዳሜ ጠዋት ያቺን ቀጭን ቡናዋን አፍልታ የመጀመሪያውን ስኒ ጨልጣ ሳትጨርስ በሩ ተንኳኳ። «እኔ ነኝ!» አሉ እትዬ ዘመነች ከውጭ። መፍጫውን ሶፋው ሥር ወሸቀች፤ ጀበናውንና ስኒውን ይዛ ባኞ ቤት ደበቀች፤ አፏን ጠርጋ ከፈተች።

እትዬ ዘመነች ገብተው ተቀመጡና ከነጠላቸው ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የተወቀጠ ቡና ነው። የእጃቸው አንጓ አብጦ በጨርቅ ታስሯል።

«እኔው ነኝ የወቀጥኩት» አሉ። «ቅዳሜ ሁሉም ቤቱ ነው፤ ሰምቶ ከመጣ ለአንቺ ምን ይተርፍሻል? ከሙቀጫው ሥር ብርድ ልብስ አንጥፌ፣ ድምፁን አፍኜ ወቀጥኩት። በይ፣ ጀበናሽን አምጪና እናፍላው።»

አልማዜ ባኞ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ስትሰስትለት የከረመችውን ቡና ሽንት ቤት ደፋችው፤ ጀበናውን እንደ ሌባ እየተቻኮለች አለቀለቀች። ይዛው ስትወጣ እትዬ ዘመነች ተቀበሏትና በድንጋጤ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ትኩስ ነው እኮ! ውሃ ጥደሽ ኖሯል?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ባዶ ውሃ ስታፈይ ነበር? ምነው ልጄ፣ እኔ እያለሁልሽ?»

መናገር የነበረባት ያኔ ነው። እሷ ግን አዎ በሚል አንገቷን ነቀነቀች። እስከዚያ ካደረገችው ሁሉ ይህቺ መነቅነቅ ናት ያሳፈረቻት። ቡናው ፈላ። ወፍራም፣ ሲጠጡት አንጀት የሚያርስ ቡና ነበር።

ሰኞ ጠዋት አልማዜ ሙቀጫዋን ከወጥ ቤት ጎትታ ሳሎኑ መሃል አስቀመጠች። ከራሷ ቡና ሳትሰስት ቆልታ፣ ወለሉ እስኪንቀጠቀጥ ወቀጠችው። ቆም ብላ አዳመጠች፤ ደረጃው ላይ ኮቴ የለም። ደግማ ወቀጠች። ማንም አልመጣም።

ቡናውን አፍልታ ጀበናውን በአንድ እጇ፣ መፍጫውን በሌላው ይዛ ወረደች። እትዬ ዘመነች በሩን ከፈቱ።

«ሰማሁሽ እኮ» አሉ። «ያቺ የሰጠሁሽ ተርፋሽ ደግመሽ የምትወቅጫት መስሎኝ ነው። እሷ እንኳን ለሁለት ለአንቺም አትበቃ ብዬ ቀረሁ።»

«እትዬ ዘመነች፣ ቡና አላለቀብኝም ነበር።»

ጀበናውን መሬት ላይ አስቀምጣ መፍጫውን ጆሯቸው ሥር አሽከረከረችው። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው አዳመጡ።

«ምንም አይሰማም» አሉ።

«አዎ። እንዳይሰሙ ብዬ ነው የገዛሁት። ቅዳሜም ጀበናው ውስጥ የነበረው ቡና ነው፤ ባኞ ቤት ደበቅኩት፣ ከዚያ ደፋሁት።»

እትዬ ዘመነች ያበጠ እጃቸውን በደህናው ያዙ። ከዚያ በሩን ክፍት ትተው ወደ ውስጥ ገቡ። አልማዜ ልግባ ልመለስ ግራ ገብቷት ደጃፉ ላይ ቀረች፤ የተሰነጠቀች መሬት ብታገኝ ትገባ ነበር። ከውስጥ ስኒዎች ሲደረደሩ ተሰማ።