የአክስቴ የቺሎምቦ ፊት

አክስቴ ቺሎምቦ በካሳይ ወንዝ ምንጮች አካባቢ፣ በእኛ በቾክዌዎች አገር፣ በመልኳ የታወቀች ሴት ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን አዝላ ካሳቫ ስትወቅጥ ጭንብል ጠራቢው ሳካውምባ እየመጣ ፊት ለፊቷ ይቀመጥ ጀመር። አይናገር፣ አይስቅ፣ ዝም ብሎ ያያታል። ባሏ ዱላ ይዞ ሲወጣበት፣ «ሚስትህን አልፈለግኳትም፤ ፊቷን ነው» አለው ይባላል።

በደረቁ ወቅት፣ ልጆቹ ተገርዘው ከጫካ ሲመለሱ፣ ፕዎ የምንላት፣ ወንድ ጨፋሪ የሚያጠልቃት የሴት ጭንብል ወጥታ ጨፈረች። ከዓይኗ ሥር እንደ እንባ የወረደው ንቅሳት፣ ግንባሯ ላይ ያለው መስቀል መሳይ ምልክት፣ ሁሉም የቺሎምቦ ነበር። ሴቶቹ «የቷን ነው ያገባው?» እያሉ በባሏ ሲቀልዱ ዋሉ። ሴት ጭንብል አትነካም፤ ከሩቅ ማየቱ ግን ለአክስቴ ትልቅ ኩራት ነበር።

ከዚያ አንድ ፓስተር ከባሕር ማዶ መጣ። ታናሽ ወንድሟ ሙዛላ፣ ማለትም አባቴ፣ ቀድሞ ተጠመቀና ሰባኪ ሆነ። አንድ እሁድ ጭንብሎቹ የሰይጣን ናቸው ተብለው ከጫካ ተለቅመው በጸሎት ቤቱ ደጃፍ ተቃጠሉ። እሳቱን የለኮሰው አባቴ ነበር። አክስቴ ወደዚያ አልሄደችም። ሰው እንደሞተባት ጸጉሯን ተላጭታ ቤቷ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ማህፀኗ መዘጋቱም የዚያ እሳት ሥራ ነው ትል ነበር። ባሏ ሲሞትና ልጇ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲገባ ግን እሷም ተጠመቀች።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። የፓስተሩ ሚስት ታማ ስለነበር አክስቴ የካሳቫ ዱቄት ይዛላቸው ሄደች፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ሳሎናቸው ገባች። ከምግብ ጠረጴዛው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ራሷን አየች።

ቅርጫቱ ከእጇ ወደቀ። ዱቄቱ ላይ ቆማ የራሷን ጉንጭ ትዳብስ ጀመር፣ መኖሯን ለማረጋገጥ ይመስል። ፓስተሩ ድምፅ ሰምቶ መጣና አትፍሪ፣ እንጨት ነው፣ ጥሩ የእጅ ሥራ ስለሆነ ነው የሰቀልኩት አላት።

«ሰይጣን ነው ብለውን አልነበር?»

«ለእናንተ ነበር» አለ። «ለእኛ ቅርስ ነው።»

«ይህቺ እኮ እኔ ነኝ።»

ፈገግ ሊል ጀምሮ ግንባሯን አየ፤ ግድግዳውን አየ፤ ፊቱ ቀላ።

አባቴን አስጠሩት። ጭንብሏን እንዳየ በሩ ላይ ተቀመጠ። ፓስተሩ ደህና ደህናዎቹን ሦስቱን ለይልኝ ብሎት፣ በቃጠሎው እሁድ ሳይነጋ በጆንያ ያመጣቸው እሱ ራሱ ነበር።

«ጸጉሬን ስላጭ አጠገቤ ነበርክ» አለችው። «አቃጠልኳት ብለህ ውሃ አቀበልከኝ።»

«እታለም፣ አፍሬ ነው።»

ወንበር ስባ ላዩ ላይ ወጣችና ጭንብሏን አወረደች። አባቴ፣ ስንት ዓመት የሰበከው ሰው፣ ሴት ጭንብል ስትይዝ ላለማየት ዓይኑን ሸፈነ። ፓስተሩ ዕቃው ለሙዚየም ቃል የተገባ ነው እያለ እስከ በረንዳው ተከተላት። እሷ ግን በላይ ልብሷ ጠቅልላት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በመንደሩ መሃል አለፈች። ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት ጎተቱ።

የሞቱ ጨፋሪዎች ጭንብል የሚቀበርበት ረግረግ ስትደርስ አባቴ መቆፈሪያ ይዞ ደረሰባት። ጉድጓዱን የቆፈረው እሱ ነው፤ ዓይኑን ግን ወደ ጭንብሏ አላነሳም።

ጸሎት ቤቱ ለአንድ ዓመት ከቅዱስ ቁርባን አገዳት። የጭንብሉን ሥርዓት የሚጠብቁት ሽማግሌዎችም በሴት እጅ ተነካብን ብለው ሰላምታ ነሷት። «ሲሰረቅባችሁ የት ነበራችሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ፓስተሩ የቀሩትን ሁለቱን በዚያው ወር በሳጥን አሽጎ ለሙዚየሙ ላካቸው።

አባቴ ይህን የነገረኝ አክስቴ ከሞተች በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ፣ ፓስተሩ ቤት ያየችውን እኔ አንድም ቀን ከአፏ አልሰማሁም።